ባሌ አውድማ ላይ ሲፈላሰፍ

የአንዷ ባል ይጠጣል፣ የሌላዋ ይማግጣል። የእኔው «ነገ» ይላል። የቱ ይሻላል? ጠጪ እንኳ መጠጡን ለነገ አያሳድርም።

አስማረ ይባላል። ንፋስ መውጫ ያስተምራል፤ እኔ እዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ደግ ነው፣ አንባቢ ነው፣ ከአፉ ክፉ አይወጣም። ብቻ የተሰበረ የበር እጀታ ለመጠገን መጀመሪያ ስለ በር አንድ መጽሐፍ ማንበብ ይፈልጋል።

ያን ዓመት ነገሩ ከእጀታም ከፋ። የእናቱ ገብስ ታጭዶ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ማሳቸው ላይ ተከምሯል። እማማ የሺ ባላቸውን ቀብረዋል፤ ከአስማረ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጎረቤቱ ለመውቃት ዝግጁ ነው። ግን ቀን ቆርጦ፣ በሬ አሰባስቦ ደቦውን የሚጠራው አስማረ ነው። ታኅሣሥ ገባ። በዚህ ቅዳሜ አለ። ቅዳሜው መጣና ሄደ። እማማ ስልክ ደወሉልኝ። ሰማዩ አላማረኝም፣ ይህ ክምር ከረጠበ ዓመቱን የምበላው የለኝም አሉኝ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። እሱማ ያነብ ነበር።

ምን ያነባል አትሉም? ስለ «ነገ» በሽታ መድኃኒት! ስልኩ ላይ ኢስጦኢኮች የሚባሉ የጥንት የግሪክ ፈላስፎችን አግኝቷል። ጠዋት ስትነሣ ሊደርስብህ የሚችለውን ክፉ ሁሉ አስብ፤ ያኔ ዛሬን አታባክንም ይላሉ አለኝ። እንዳትስቁ፣ በማግሥቱ እውነትም ተነሥቶ ደቦ ጠራ። ግሪኮቹን መርቄ፣ ፈቃድ ወስጄ ተከተልኩት።

አውድማው ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ወንዶቹ በመንሽ ያገላብጣሉ፣ ቀልዱ ሌላ ነው። ቀትር ላይ ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሁሉም አየው፤ ማንም ግን አላነሣውም። አውድማ ላይ ክፉ አይነገርማ! በረከት ይሸሻል። እማማ የሺ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ያንጋጥጣሉ።

አስማረ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰዎቹን ሊያተጋ መካከል ገብቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ አሁን ሁላችንም እናስብ» አለ። «ይህ ገብስ በሰበሰ እንበል። እናቴ ተራበች እንበል። የአያ ተገኘ በሬ እግሩ ተሰበረ...»

«በስመ አብ! በሬዬ ምን አደረገውና ነው የሚያሟርትበት?» አሉ አያ ተገኘ፤ በሬያቸውንም መፍታት ጀመሩ። አንዱ መንሹን ጣለ። ሌላው አማተበና ሟርት የወረደበትን እህል አልነካም አለ። አስማረ የፈላስፎች ትምህርት ነው፣ ኢስጦኢኮች ናቸው እያለ ያስረዳል። ደመናው እላያችን ደረሰ። እማማ የሺ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ባሌን ጠላሁት።

ያወጡን የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ናቸው። ደቦውን ሊባርኩ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ኢስጦኢኮች? ሐዋርያውን አቴና ላይ ለፍላፊ ብለው የዘለፉት አይደሉም እንዴ?» አሉና መቋሚያቸውን ወደ አስማረ ቀሰሩ። «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ልጅ ገና አልጨረሰም። ብትሄዱ በየቤታችሁ ተከትሎ ይናገራል። ይልቅ ደግሞ አፉን ሳይከፍት ወቅታችሁ ጨርሱ!»

እንደዚያ ያለ ውቂያ አይቼ አላውቅም። አስማረ ከንፈሩን ባላቀቀ ቁጥር በሬ ይነዳል፣ ገለባ ይበራል። አንዱ ሮጦ ጠላ አመጣለት፤ አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ አፉ እንዲያዝ ነው። አጣርተን የምንለይበት ጊዜ ስላልነበረ ግርዱንም ፍሬውንም በጆንያ እየሞላን ተሸከምን። እኔም ተሸከምኩ። ነጎድጓዱ ከኋላችን ያባርረናል። የመጨረሻው ጆንያ በበሩ ሲገባ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ዱብ አለ። እማማ የሺ ጆንያው ላይ ተደግፈው ሳቁ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አስማረ ግን ፍልስፍናው ሠራ ብሎ አመነ። በዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ማንም ሳይጎተጉተው፣ አዲስ ንግግር አዘጋጅቶ ደቦ ሊጠራ ሄደ። ካገባሁት ወዲህ በጊዜ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለሠርጋችን እንኳ አርፍዷል።

ሲደርስ አውድማው ተጠርጓል። ገለባው ተከምሯል፣ ገብሱ ጎታ ገብቷል። ጎረቤቶቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ወቅተውታል።

ተቀየመ። ምነው ሳትነግሪኝ አላቸው እናቱን።

«ልጄ፣ አንተ ከምትመጣ መውቃቱ ቀለላቸው» አሉት።

እንዳኮረፈ ተመለሰ። ጫማውን አወለቀ፣ ቁጭ አለ፣ ብዙ አሰበ። ኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«አየሽ አይደል?» አለኝ። «ቸኩዬ ሄጄ ምን ሠራሁ?»