አክስቴና «እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ

ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምጽፈው። ገመዱ እስካሁን ጭኔ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «ቫይረስ ገብቶብዎታል፣ አሁኑኑ ይደውሉ» እያለ በሴት ድምፅ ሲጮህብኝ፣ የማጥፊያው ቁልፍ የት እንዳለ እንኳን ጠፋብኝ። አክስቴ ደግሞ ከኩሽና ብቅ ብላ «ማናት ይቺ? ምን ሆና ነው? አናግራት እንጂ» ትለኛለች።

በየቤቱ አንድ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው አለ። የእኛ ቤቷ ክብርት አክስቴ ናት። ሰፈሩ «እሺታ» ይላታል። ጸጉር ሠሪዋ «ትንሽ ላሳጥረው?» ትላታለች፣ እሺ። «በዚህ በኩልስ?» እሺ። ምልምል ወታደር መስላ ቤቷ ትገባለች። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በይልኝ» ሲሏት ስትጠጋ፣ ስትጠጋ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ወርዳ በእግሯ መጣች። ለምን ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «እየጠየቀኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

እንዲህ ያለ ሰው ፊት ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና «ይስማማሉ?» ትላለች። አክስቴ ትስማማለች። «የአየሩን ሁኔታ በየሰዓቱ ልንገርዎ?» ይንገራት። «ብሮውዘርዎን ላሳምርልዎ?» ያሳምርላት። አሁን የብሮውዘሩን ላይኛ ግማሽ እሺ ያለቻቸው ሁሉ ተለጥፈው ሞልተውት፣ የምታነበው ገጽ ከታች እንደ ፖስታ ማስገቢያ ቀዳዳ ቀርቷል። «የሕፃን ሹራብ አሠራር» ብላ ስትጽፍ «መኪና አሸንፈዋል» የሚል ገጽ ላይ ይጥላታል። ሰሞኑን መኪናውን የት እንደምታቆመው ስትጨነቅ ነው የከረመችው።

ነገ ጠዋት ግን ቀልድ የለም። ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ ወልዳለች፤ ሕፃኗን በዚህ ኮምፒውተር ልታሳያት ቀጥራታለች። የአክስቴ ስልክ ከድምፅ ሌላ አያመጣም። የእኔው ደግሞ ከወደቀ ወዲህ ሰውን በግማሽ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሥራው የቤቱ ኢንጂነር ላይ ወደቀ። ኢንጂነሩ እኔ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት አንድ ጊዜ ፕሪንተር ውስጥ ወረቀት ጨምሬ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ በስልክ «የማታውቀውን ፕሮግራም ሁሉ አውጣ፣ ብሮውዘሩ ላይ የተለጠፉትንም አጥፋ፣ መጨረሻ ላይ ብሮውዘሩን ወደ መጀመሪያው መልሰው» አለኝ። እሱ ምን አለበት። አክስቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ላወጣ ስል፣ የሚያለቅስ ፊት ብቅ አለና «በእርግጥ ሊያሰናብቱን ነው?» አለ።

«ተው አንተ፣ ምን አደረገህ?» አለች።

«አክስቴ፣ ሌባ እኮ ነው።»

«ሌባ ያለቅሳል?»

«ሲያዝ ያለቅሳል።»

«የአየሩን ሁኔታ የሚነግረኝ እሱ ነው።»

«መስኮቱን ክፈቺና እዪው።»

«እሱ ግን ስሜን ጠርቶ ነው የሚነግረኝ» አለች።

«አዎ» የሚለውን ተጭኜ አወጣሁት።

ሌሎቹንም እንደዚሁ ሸኘናቸው፤ እኔ ሳባርር፣ እሷ ስታዝን። ከዚያ እኔ ጎበዙ፣ ነገሩ ይፍጠን ብዬ፣ «ሁሉንም ባንዴ አጽዳ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ተጫንኩ። «ይስማማሉ?» አለኝ። ተስማማሁ። እስኪያጸዳ ድረስ አክስቴ ወደ ኩሽናዋ ገባች። ለካ እሱም ከእነሱ ወገን ኖሯል። የሸኘናቸው ዘመድ አዝማድ ይዘው ተመለሱ፣ ያቺ «አሁኑኑ ይደውሉ» ባይ ሴትዮም ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሶኬቱን ነቀልኩት።

«አየህ፣ አንተም እሺ አልክ» አለች አክስቴ፣ ገመዱን ይዤ ስታየኝ።

ተናደድኩ። «ለመጣው ሁሉ በር እየከፈትሽ ነው እኮ እዚህ ያደረስሽን!»

አልተቀየመችም። «አንተስ? "እስከ እሁድ ብቻ ልረፍ" ብለህ አልነበር ያንኳኳኸው?» ብላ እየሳቀች ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

ትምህርቴን አቋርጬ የመጣሁ ጊዜ ነው። ያ እሁድ ካለፈ ስንት ዓመቱ። ሶፋው የኔ ሆኗል። የቴሌቪዥኑን ቻናል ሳላስፈቅድ ለዋውጫለሁ። ፍሪጁን ስትከፍት መጀመሪያ ብቅ የሚልባት የኔ ዕቃ ነው። አስወጪው ያላት ሰው ጠፍቶም አይደለም፣ ዘመዱ ሁሉ ብሏታል። ለሁሉ እሺ የምትለው ሴትዮ፣ እምቢ ብላ የማውቃት ያኔ ብቻ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሳሁና ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ጩኸቱ የለም። ያመጣሁትን መዘዝ አንድ በአንድ አወጣሁ። የቀረው ብሮውዘሩን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። እሱ ደግሞ «ያስቀመጡት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፣ ይስማማሉ?» ይላል። አክስቴ ልጇን የምታገኝበት የይለፍ ቃል ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ድሮ «ላስታውስልዎ?» ሲላት እሺ ብላው፣ እሷ እርግፍ አድርጋ ረስታዋለች።

«በትህትና ነው የጠየቀህ» ትለኛለች ከኋላዬ ቆማ። ለነገ ብላ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች። «እሺ በለው።»

ማውዙን ይዣለሁ። ሕፃኗን ነገ እንያት አንያት፣ እኔ አላውቅም።