የዳባሶ ባለማኅተም ወረቀት

ሕግ የወጣው ለሌላ ሰው ነው ብሎ በንጹሕ ልብ የሚያምን ባለታክሲ የሌለበት ከተማ የለም። ነገሌ ቦረና ግን የሁሉንም አውራ አግኝታለች፤ ክቡር ባለባጃጅ ዳባሶን።

ክቡርነታቸው "መግባት ክልክል ነው" የሚለውን ምልክት አልፈው፣ ከአሬሮ የመጡ ፍየሎች ወደ ገበያ በሚወርዱበት ሰዓት፣ የገበያውን መንገድ እየዘፈኑ ሽቅብ ይወጡታል። ተሳፋሪ ሲደነግጥ "ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም፤ እኛ ወረቀት አለን" ይላሉ። ወረቀቱ በላስቲክ ተለብዶ ከፊታቸው ተሰቅሏል። "የገበያው መንገድ ክልከላ ታክሲን የማይመለከት ስለመሆኑ" የሚል ርዕስ አለው፤ ሐምራዊ ማኅተምም አርፎበታል። ማኅተሙን ያየ ትራፊክ ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋቸዋል።

ከሜጋ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ "ለመሆኑ ደብዳቤ ደንብን ይሽራል?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

"ደንቡ ማኅተም አለው?"

"አለው እንጂ።"

"የኛም አለው። የኛ ደግሞ አዲስ ነው።"

ነጋዴው እስኪወርድ ድረስ ሲያስብ ነበር።

ከኋላ ወንበር ግን በየማለዳው የምትሳፈር አንዲት ሴት አለች። ሮማነወርቅ ስለ መንገድ በሚወስነው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ያንን ማኅተም ከስድስት ዓመት በፊት የመታችውም እሷው ናት። የፈቃድ ማኅተም አይደለም። "ገቢ" የሚለው ነው። የባጃጆች ማኅበር ይፈቀድልን ብሎ ላስገባው ማመልከቻ "ደርሶናል" ማለት ብቻ ነው፤ ዳባሶ የሰቀሉት የማመልከቻውን ቀሪ ቅጂ ነው። ዋናውን እሷ ለኃላፊው ሳታቀርብ ፋይል ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ዛሬ የመለሰለት የለም። ልንገራቸው ትላለች፣ ጥፋቱ ወደ ራሷ ይዞራል። ዝም ትላለች፣ ከፊት የትራፊክ ቆብ ባየች ቁጥር ነጠላዋን ትነክሳለች።

ማክሰኞ ዕለት ኤርሚያስ የሚባል አዲስ ትራፊክ አስቆማቸው። ወረቀቱን ተቀበለና እንደ ሌሎቹ ማኅተሙን በማየት አላበቃም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጥያቄ ነው። 'እንዲፈቀድልን በትሕትና እናመለክታለን' ነው የሚለው። መልሱስ?"

ዳባሶ ወደ ኋላ ዞሩ። "ልጄ፣ አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ። ንገሪው እስቲ።"

"እ... እየታየ ነው" አለች ሮማነወርቅ።

"ታይቶ እስኪያልቅ በዙሪያው መንገድ ይሂዱ" አላቸው ኤርሚያስ፣ የቅጣቱን ወረቀት እየጻፈ። "ሁለተኛ እዚህ ካገኘሁዎት መንጃ ፈቃድዎን እይዛለሁ።"

በማግሥቱ ዳባሶ በዙሪያው መንገድ ነዱ። በየምልክቱ ቆሙ። ለፍየል ቅድሚያ ሰጡ። አልዘፈኑም። ወረቀቱ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። ሮማነወርቅ ስድስት ዓመት ሙሉ የጸለየችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን የታመመ ሰው ልትጠይቅ የሄደች መሰላት።

ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ቢሮ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበር ላይ ቆመች፣ ፋይሉን ከላይኛው መደርደሪያ አወረደች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ከክምሩ ሁሉ አናት አስቀመጠችው።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ኃላፊው፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀን እያየ።

"አስቸኳይ ነው" አለች።