የቶም ሰባት ቤት

ፈረንጅ የውሻውን ዘር እስከ ቅድመ አያቱ ያውቃል። ወረቀትም አለው፤ እናቱ ይህች፣ አባቱ ያ ተብሎ የታተመ። የራሱን ቅድመ አያት ስም ጠይቁት እስቲ! የባንክ ሚስጥር ቁጥሩን የጠየቃችሁት ይመስል ያፈጥባችኋል። እኛ ደግሞ ወረቀት ባይኖረን አፍ አለን። ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው፤ ሳንቆጥር ብንጋባም ሠርጉ ላይ ቁጭ ብላ የምትቆጥርልን አንዲት ነገረኛ አሮጊት አትጠፋም።

ይህን ያነሳሁት የወንድሜ ልጅ ቤዛ፣ ቶም የሚባል የእንግሊዝ ፈረንጅ ስላመጣች ነው። መልካም ልጅ ነው። ጥሬ ክትፎ ይበላል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደጉ ግን በስደት ከተማችን ዌስትቼስተር የሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ነው የሚውሉት፤ ቁልፍ ሳይቀበሉ ማንንም አያሳልፉም። "ሰባት ቤት ይቁጠርና እመርቃለሁ" አሉ።

"አባዬ፣ እኛና እንግሊዝ ምን ያዛምደናል?" አለች ቤዛ።

"ማን ያውቃል? ደግሞ ዘር ከልጓም ይስባል። ከማን እንደተወለደ ልወቅ።"

ቤዛም ያለ አባቴ ምርቃት ቀለበት አላደርግም ብላ አለቀሰች። ሶ፣ ቶም እኔ የማበስልበት፣ እዚያው ከተማ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት መጥቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ለካ እንግሊዞች ኑዛዜ አይጥሉም! ሰውየው አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ ኑዛዜው ግን መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ስሙንና የሞተበትን ዓመት ለነገራቸው ግልባጭ ይልካሉ። ቶም ኑዛዜ በኑዛዜ እየተንጠላጠለ ወደ ላይ ወጣ። አንዱ አልጋውን ለሚስቱ፣ አንዱ ድስቱን ለልጁ፣ አንዱማ ሱሪውን ለጎረቤቱ ሚስት ይናዘዛል። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰባተኛው የለም። ቤዛ በጭንቀት ከሳች፤ እኔ በጭንቀት ወፈርኩ።

"የት ነው የምትፈልገው?" አልኩት ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።

"የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነዋ፣ እትዬ።"

"ኑዛዜ መንግሥትን ምን አገባው? የሚሰማው ቄስ አይደለም እንዴ? ሂድና የነፍስ አባቱን ጠይቅ!"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆረጠና ጣቶቹ ይሮጡ ጀመር። እውነትም በድሮው ጊዜ፣ መንግሥታቸው ነገሩን ሳይረከብ፣ ኑዛዜ የሚያጸድቀው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ኖሯል። የመንደሩን ሀገረ ስብከት ፈልጎ፣ ጥያቄ ልኮ፣ ዶሮ የጫረችው የመሰለ ጽሑፍ መጣለት። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴትዮ ነኝ፤ ዶክተር ብትሉኝ ግን አይከፋኝም።

እሑድ ጋሼ ደጉ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ቶም አንድ ብሎ ጀምሮ ስድስተኛው ዊልያም፣ ሰባተኛው የዊልያም አባት ብሎ ቆጠረ። ቤዛ የሰባተኛውን ኑዛዜ ተረጎመችላቸው፦ "ልጄ ዊልያም ያለ ፈቃዴ ስላገባ፣ የተሰበረችው ኮርቻዬ ብቻ ትሰጠው።"

ጋሼ ጭናቸውን መቱ። "አባት ማለት ይሄ ነው! ጨዋ ዘር ነው!" ብድግ ብለው ምርቃቱን አወረዱት፤ አሜን ማለት እስኪደክመን።

ቤዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ ዊልያም አባቱን እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ እኮ ቶም አይወለድም ነበር" አለችኝ።

ቆነጠጥኳት።

"አሜን በይ አንቺ! አባትሽ ሳይጨርሱ እንዳይገባቸው።"