ክቡር የጭራ ፎቶ አንሺ

ካሜራ የገዛ ሰው ሁሉ ከገዛበት ዕለት ጀምሮ ፀሐይን መውቀስ ይጀምራል። እስከ ትናንት በሰላም ወጥታ በሰላም ትገባ የነበረችው ፀሐይ ዛሬ ወይ በዝታበታለች፣ ወይ አንሳበታለች፣ ወይ በማይሆን ጎን መጥታበታለች። የሚዘል ፈረስ ላንሳ ብሎ የተነሳ ጀማሪ ከሆነማ አያድርስ ነው! እሱ አቧራውን፣ አጥሩን፣ ፈረሱንም ጭምር ይከሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። የእኛ ቤት ድርሻ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው ፋርማሲስት፣ በቅርቡ ደግሞ በገዛ ራሳቸው ሹመት የፈረስ ስፖርት ፎቶግራፈር። እኔ "ክቡርነታቸው" እላቸዋለሁ። መጋለቢያው ሜዳ ላይ ያሉት ሰዎች ግን "ጋሼ ጭራ" ብለዋቸዋል።

ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም። መሰናክል የሚዘል ፈረስ አየር ላይ የሚቆየው ለጥቅሻ ያህል ነው። ስለዚህ የካሜራውን ቁልፍ መጫን የሚገባው ፈረሱ ሲዘል ካዩት በኋላ ሳይሆን ሊነሳ ሲል ነው። የሜዳው የግልቢያ አሰልጣኝ ይህን ስንቴ ነገረቻቸው! ክቡርነታቸው ግን መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ አይተው፣ አረጋግጠው፣ ደግመው አንብበው የሚሰጡ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሜዳም ላይ ፈረሱ መዝለሉን በሚገባ ካረጋገጡ በኋላ ይጫናሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ፎቶው ሲታይ አንድ ጭራ፣ አንድ አጥር፣ ብዙ ሰማይ።

"ብርሃኑ ከዳኝ እንጂ ደርሼበት ነበር" ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

የመጀመሪያ ቀን ጋጣ ውስጥ ገብተው ፍላሽ አበሩ። ክፉ ጠባይ ታይቶባት የማታውቅ ገራም ባዝራ ባልዲውን በርግጫ ጣሪያ አስነካችው። "ጋሼ፣ እባክዎ መብራቱን!" እያለች አሰልጣኟ ከነካሜራቸው አስወጣቻቸው። ቀጥሎ ደግሞ የፈረስ ፎቶ የሚያምረው ጆሮው ወደ ፊት ሲቆም ነው፣ ድምፅ ከሰማ ያቆመዋል የሚል ነገር ሰሙ። ከመድኃኒት ቤታቸው ቫይታሚን የሞላ ብልቃጥ ይዘው ሄደው ፈረሱ ፊት መነቅነቅ። ፈረሱ እውነትም ጆሮውን አቆመ፤ ገብስ የመጣለት መስሎት ነው። እሳቸው ሌንሳቸውን ሲያስተካክሉ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አንስቶ አኘከው። የተናደዱ እንዳይመስላችሁ። "የምግብ ፍላጎቱ ደህና ነው" ብለው መሰከሩለት።

ይህ ሁሉ መከራ ለምን? እኔም መጀመሪያ የጡረታ ዋዜማ ዕብደት መስሎኝ ነበር። ለካስ ነገሩ ሌላ ኖሯል። እዚያ ሜዳ ላይ መሰናክል ከሚዘሉት ጋላቢዎች አንዷ ልጃቸው ናት። ዓምና ከፈረስ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ክንዷ ዳነ፤ የእናቷ ልብ ግን አልዳነም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው ዝር አላለችም።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይዘላል ሲባል ግን አልሰማሁም" ትላለች።

ልጅቷ ለመነች፣ አለቀሰች። በመጨረሻ እህቴ ለባሏ ቁርጡን ነገረቻቸው።

"አየር ላይ ሳለች ፊቷን አንስተህ አምጣልኝ። ቪዲዮ አልፈልግም፤ መጨረሻውን እስካይ እኔው እሞታለሁ። ፊቷ ላይ ፍርሃት ካየሁ በቃ፣ ዘንድሮ ያበቃል። ካላየሁ ትቀጥል።"

እንግዲህ የልጅቷ ዕጣ የወደቀው በማን እጅ ነው? በጋሼ ጭራ!

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። "ሊነሳ ሲል፣ ሊነሳ ሲል" እያሉ ለራሳቸው ያነበንባሉ። ልጅቷ ገባች። የመጀመሪያው መሰናክል፣ ጭራ። ሁለተኛው፣ ጭራ። የቀሩትም ያው። የመጨረሻውና ረጅሙ እኛ ፊት ለፊት ነበር። ፈረሱ እዚያ ደርሶ ድንገት ቀጥ አለ። ልጅቷ ተስፈንጥራ አንገቱ ላይ ተለጠፈች። ክቡርነታቸው ካሜራውን ለቀቁት፤ አንገታቸው ላይ ባይንጠለጠል ኖሮ አልቆለት ነበር።

ልጅቷ ግን ተንፏቃ ኮርቻው ላይ ተመለሰች። ጋማውን ዳበሰች፣ አንድ ነገር አንሾካሾከችለት፣ ዞራም እንደገና መጣች።

"ጋሼ፣ ያንሱ እንጂ! መጣች እኮ!" ብዬ ጎሸም አደረግኳቸው።

አልሰሙኝም። አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ፈረሱ ተነሳ፣ አለፈ። ጭራውን እንኳ አላነሱም።

ቤት ስንደርስ እህቴ ሳሎን ቆማ ትጠብቃለች።

"የታለ?"

"የለም" አሉ።

ልጅቷ ሄልሜቷን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ብርሃኑ ነው?" አለች እህቴ።

"ብርሃኑ ምን በወጣው! እኔ ነኝ ያላነሳሁት። ግን አየኋት። እስከ ዛሬ ለካ ካሜራውን ሳይ እሷን አይቻት አላውቅም።"

"ፊቷስ?"

"ፊቷማ..." አሉና ጫማቸውን አወለቁ። በርጩማዋን ምንጣፉ መሃል አኖሩ። ልጓም እንደያዘ ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ከበሩ ጀምሮ ተንደረደሩ። ካሜራው ሶፋው ላይ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አነሳሁትና ልክ ሊነሱ ሲሉ ተጫንኩት።

ፎቶው ላይ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ፋርማሲስት ከነቦርጫቸው በርጩማ ላይ ይበራሉ። ካልሲያቸው ተቀዷል። አፋቸው በሳቅ ተከፍቷል፣ ዓይናቸው በርቷል፤ ፍርሃት ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። ስንት ጊዜ የቀለድኩባቸውን እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፎቶው ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

እህቴ ካሜራውን ተቀብላኝ ብዙ አየችው።

"እንዲህ ነበረች?"

"እንዲህ ነበረች።"

"አባዬ ደሞ! እኔ እንዲህ አፌን አልከፍትም!" አለች ልጅቷ ከበሩ።

እህቴ ሳቋ መጣ፤ ስቃ ስቃ ተቀመጠች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና "ቅዳሜ ልምምድሽ ስንት ሰዓት ነው? እኔም እመጣለሁ" አለቻት።

መጣች። ፈረሱ ገና ከመነሳቱ ፊቷን ባሏ ትከሻ ላይ ደፋች። ክቡርነታቸው ካሜራውን እኔ አንገት ላይ አንጠልጥለው፣ በጆሮዋ እየነገሯት ነው። "ተነሳች... ከፍ አለች... ወረደች፣ የኔ እመቤት፣ በደህና ወረደች።" ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ፣ ሦስተኛውም። መጨረሻው ላይ "አሁን ደግሞ ልትነሳ..." ብለው ሲጀምሩ እህቴ ቀና አለች።

"ዝም በል እስቲ" አለቻቸው፣ "ልይበት!"