ፊታውራሪ ባዘዘውና የእትዬ አባይነሽ ኤሲ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ አንደኛው ዓለምን በአውራ ጣቱ ሊያቀና የተነሣ ነው። ቶሮንቶ ብትሄዱ አለ፤ ፍራንክፈርት ብትሄዱ አለ፤ ሰው በማይኖርበት ደሴት ብትጣሉም ሁለት ሐበሾች ቀድመዋችሁ ከደረሱ አንዱ ግሩፕ ከፍቶ ይጠብቃችኋል። በላስ ቬጋስ ይህ ሹመት የባዘዘው ነው። እንጀራው አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ነው። ማዕረጉ ግን፣ ፀጋ በልቧ እንደሰጠችው፣ የአውራ ጣት ፊታውራሪ ነው።

ፀጋ አብራው ዊልቸር ትገፋለች። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተውም ሰውየው በትክክል ምን እንደሚፈልግ ገብቷት አያውቅም። ጠዋት ለዓሣ ነባሪዎች ይቆረቆራል፤ ከምሳ በኋላ ሰምታው በማታውቀው አገር ለታሰሩ አስተማሪዎች ይጮኻል፤ ሺፍቱ ሲያልቅ ደግሞ ወንዙ ለደረቀበት መንደር ፊርማ ያሰባስባል። «ድምፅ እንሁን» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፑ ሁለት መቶ አሥር አባላት አሉት። ግማሾቹ እንዴት እንደገቡ አያውቁም። ፀጋ ራሷ አንድ ቀን ስልኳ ሲያስቸግራት «እስኪ እየው» ብላ ብትሰጠው ስልኩም ሳይሠራ እሷም ገብታ ተገኘች።

«ሼር ሳታደርጊ እንዳታልፊ!» ይላታል ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ፣ እሷ አንድ ሽማግሌ፣ እሱ አንዲት አሮጊት እየገፉ። «ዝም ያለ ተባባሪ ነው!»

«ምኑን ነው ሼር የማደርገው?»

«ላክሁልሽ እኮ! ቼክ አድርጊው!»

ቼክ ስታደርገው ጽሑፉ በስፓኒሽ ነው።

አንድ ጊዜ ባዘዘው ዴንቨር የሚሄዱ ሽማግሌን በአንድ እጁ እየገፋ፣ በሌላው ፊርማ እየቆጠረ፣ የሲያትል አውሮፕላን የሚነሣበት በር አደረሳቸው። ሽማግሌው ሊቆጡ ሲሉ የፊርማውን ጉዳይ አስረዳቸው። ፈረሙ። ለልጆቻቸውም ላኩ። ከዚያ ፊታውራሪ ዊልቸሩን ይዞ ሲሮጥ ያየ ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት መንገድ ለቀቀ፤ ሽማግሌውም በመጨረሻዋ ደቂቃ እየሳቁ ተሳፈሩ።

ሌላ ጊዜ የሆነ ቦታ ጫካ ተቃጠለና አባላት በሙሉ ፎቷቸውን በጥቁር እንዲለውጡ አዘዘ። ፀጋ ነገሩ ባይገባትም ለወጠች። ሰዓት ሳይሞላ አክስቷ ከደሴ እያለቀሱ ደወሉ፤ «ማን ሞተብን? አትደብቂኝ!» የተቃጠለው ዛፍ መሆኑን ስትነግራቸው ልጅቷን አእምሮዋን ነካት ብለው የባሰ አለቀሱ።

የስልክ ባትሪ የሚሠራበትን ማዕድን ሲቆፍሩ ለሚሠቃዩ ልጆች ያወጀው «ስልክ አልባ ቀን» ደግሞ ነበር። በዚያን ቀን ሁሉም ሰው ስልኩን እንዲያጠፋ ታዘዘ። ፊታውራሪም ትእዛዙ መፈጸሙን ለማረጋገጥ ከማለዳ ጀምሮ ለእያንዳንዱ አባል ደወለ።

«ፀጋ፣ ስልክሽን አጥፍተሻል?»

«አዎ፣ አጥፍቻለሁ» አለችው።

«ጎበዝ!» ብሎ ዘጋ።

ይህ ሁሉ ሣቅ ነበር። ሣቁ የቆመው በሐምሌ፣ የፀጋ ቤት ኤሲ የሞተ ዕለት ነው።

ፀጋ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ከእትዬ አባይነሽ ጋር ትኖራለች። ውጭው በፋራናይት መቶ አሥራ ሦስት ደርሶ ነበር፤ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሳይቀር ይፋጃል። ለአፓርታማው ቢሮ ሦስት ጊዜ ደወለች። «መዝግበነዋል» አሏት። አራተኛ ጊዜ መደወል ፈራች። የኪራይ ውሏ በነሐሴ ያበቃል፤ ነገረኛ ናት ብለው ባያድሱላት ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን እናቷን ይዛ የት ትገባለች? ለጊዜው ሰው ቤት እንዲቆዩ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን «የሰው ሽንት ቤት አልመላለስም» ብለው እንቢ አሉ።

ባዘዘው አንድ ቀን ከሥራ በመኪናው አድርሷት ሰላም ሊላቸው ገባ። አሮጊቷ የራሰ ነጠላ ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁ ግን ወዲያው ወደ ኪሱ ገባ።

«አደራህን ባዘዘው፣ ግሩፕ ላይ እንዳትለቀው! ውሌን አያድሱልኝም።»

«ቁጥራቸውን ብቻ ስጪኝ፣ እህቴ።»

ለምን እንደሰጠችው ራሷም አልገባትም። የቢሮው ማስታወቂያ ወደተለጠፈበት ፍሪጅ ጠቆመችው። ፎቶ አነሣና ወጣ። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ስልኳ ጮኸ፦ «የእማማ አባይነሽ እስትንፋስ በእጃችሁ ነው! ፎቶው ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ! ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ!»

በማግስቱ ፀጋ በቢሮው በር አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችላት። ግራ ገባት። በግሩፑ ሪፖርት መሠረት እስከዚያ ሰዓት ሰባ ሰው ደውሏል። ሪፖርቱ ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባ ነበር።

«ስልክ ያነሡት ሴትዮ 'ለስንት ሰው ነው?' አሉኝ» ብላ ጻፈች ሀሌታ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ። «ለአንዲት እናት ነው አልኳቸው።»

«እኔን ደግሞ 'ትመጣላችሁ ወይስ እናምጣ?' አሉኝ» አለ ፍቅረማርያም የተባለ የታክሲ ሾፌር። «አምጡ እንጂ፣ የእናንተ ሥራ አይደለም እንዴ አልኳቸው። አድራሻም ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው።»

ፊታውራሪ የአሥራ አንድ ደቂቃ ትንተና በድምፅ ለቀቀ። «እያዘናጉን ነው! የትልልቅ ኩባንያዎች ስልት ይኸው ነው። በርቱ!»

በሦስተኛው ቀን ፀጋ ከሥራ ስትገባ እናቷ ፊት ትልቅ የወረቀት ከረጢት ተከፍቶ ነበር፤ በእንቁላል የተጠበሰ ሩዝ፣ ዶሮ፣ አትክልት።

«እማዬ፣ ማን ላከው?»

«እኔ ምን አውቄ? አንድ ልጅ በሩ ላይ ትቶት ሄደ። ጌታ ይመስገን ብዬ በላሁ።»

ባዘዘው ነገሩን ሲሰማ ጮኸ። «ጉቦ ነው! በሩዝ ሊደልሉን!» ቤቷ ድረስ መጥቶ ከረጢቱ ላይ የታተመውን አድራሻ አነበበ፤ ቻይናታውን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ። «በቃ፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን አገኘሁት!» ብሎ ለቅዳሜ ሰልፍ ጠራ። መቶ ሠላሳ ሰው አውራ ጣት ለጠፈ። ቅዳሜ የመጣው አምስት ሰው ነው። አምስተኛዋ ፀጋ ነበረች፤ እሷም የመጣችው ልታስቆመው ነው።

አልደረሰችበትም። ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ላይቭ ገብቶ፣ በሩን በትከሻው ገፋው። ውስጥ ሰዎች ኑድል ይበላሉ። አንዲት ሽርጥ የታጠቁ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴትዮ ከወጥ ቤት ወጡ።

«ፍትሕ ለአባይነሽ!» አለ ባዘዘው በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ዓይናቸው በራ። «አባይነሽ!» አሉ አጥርተው። «አባይነሽ እንዴት ናት? ምግቡን በላች?»

ፀጋ ባለችበት ቀረች። ሴትዮዋ የምግብ ቤቱ ባለቤት ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ የማያውቁት ሰው ሁሉ እየደወለ ስለ አንዲት አሮጊት ሲነግራቸው ከረመ። ማን ምን እንደሚፈልግ አልገባቸውም። የገባቸው ሴትዮዋ መቸገሯ ብቻ ነው፤ ርቧት ይሆናል ብለው ምግብ ላኩ።

ፀጋ የፍሪጁን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውላ አየችው። የቢሮው ማስታወቂያ ከታች፣ በደቃቁ ተጽፏል። ከላይ፣ ዓይን በሚወጋ ቀይ ቁጥር፣ የዚህ ምግብ ቤት ሜኑ አለ። እናቷ ሥዕል ያለበት ወረቀት በር ላይ ካገኙ ፍሪጁ ላይ ሳይለጥፉ አያድሩም። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ዓይን ያረፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነበር።

ባዘዘው ስልኩን ዝቅ አደረገ። የሰው ዕቃ የሰበረ ልጅ መሰለ። «ይቅርታ እህቴ» አለ። «ሦስት ቀን... እሳቸው በዚያ ሙቀት... እኔ ደግሞ እንደ ጅል...» ልትቆጣው ተዘጋጅታ ነበር። ቁጣው ግን አልመጣላትም።

ባለቤቲቱ ለሐዘን ጊዜ አልነበራቸውም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ደቃቁን ቁጥር አዩ፤ ደወሉ። «አባይነሽን ታውቋታላችሁ? እኔ አውቃታለሁ!» ሲሉ ፀጋ ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለውን መከታተል አቃታት፤ ሙቀት፣ አሮጊት፣ ጠበቃ የሚሉት ቃላት ብቻ ይመላለሳሉ። ስልኩን ዘጉና «በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣሉ» አሉ። ፀጋ አለቀሰች። አምስት ዓመት ኪራይ የከፈለችው ቢሮ የእናቷን ስም አንድ ቀን አልጠራም። የማታውቃቸው ሴትዮ ግን ምግብ ቤታቸው መሃል ቆመው እንደ እህት ስም ጠሩት።

ሴትዮዋ በአገጫቸው ወደ ባዘዘው አመለከቱ። «ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

ፀጋ አሰበች። የሥራ ጓደኛ? ያገር ልጅ? ራስ ምታት? ለእሱ የሚሆን ቃል በእንግሊዝኛም በአማርኛም አጣች።

«ወንድሜ ነው» አለች።

ባዘዘው ሰማ። ስልኩን ዝቅ አደረገ እንጂ ላይቩን አላጠፋም ነበርና የከተማው ሐበሻም ሰማ።

ሠራተኞቹ መጡ፤ ኤሲው ተሠራ። ጸሐፊዋም አብራ መጥታ የውሉን ማደሻ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ለምን እንደዚያ እንደቸኮለች ፀጋ እስከ ዛሬ አልገባትም። አመሻሹ ላይ ስልኳ ፋታ ነሣት። «ባዘዘው ወንድምሽ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት ስናማው ዝም ብለሽ ስትሰሚን ኖረሻል?» ይላል የደወለው ሁሉ። አይደለም ልትል አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ሀሌታ ግን በፀጋ ዝምታ አልረካችም፤ እናቷን አገናኚኝ አለች።

«እማማ አባይነሽ፣ ለመሆኑ ባዘዘው የእርስዎ ልጅ ነው?»

እትዬ አባይነሽ በቀዘቀዘው ቤት ጋቢያቸውን ተከናንበው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስተካከሉ።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «መልኩ እኔን አይመስልም?»