አልበሞች ሰው የሰበሰቡበት ቀትር

አክሊሉ ትናንት፣ ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ በምታሸልብበት ሰዓት፣ ሕልም አየ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ። እሱም ቢሆን ማንም እንዲፈታለት አልፈለገም፤ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠው ሰው ብቻ ነው የፈለገው።

አክሊሉ ከዚራ ሰፈር ውስጥ መነጽር ቤት አለው። በወጣትነቱ ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ሲማር አንድ የዕረፍት ሰሞን ጓደኞቹ ወደ ጎዋ ባሕር ዳርቻ ይዘውት ሄዱና ሳይኬደሊክ ትራንስ የሚባለውን ሙዚቃ እዚያ ሰማ። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው፤ በማሽን የተሠራ፣ እንደ ልብ ምት ሳያቋርጥ የሚመታ፣ በላዩ ላይ ድምፅ በድምፅ እንደ ሐረግ የሚጠመጠምበት ሙዚቃ ነው። ጓደኞቹ ጨፍረው ረሱት። አክሊሉ ግን ዲግሪውንና አንድ ሻንጣ ሲዲ ይዞ አገሩ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ መሰብሰቡን አልተወም። ከሕንድ፣ ከእስራኤል፣ ከፖርቱጋል፣ መንገደኛ ከተገኘበት ሁሉ ያስመጣል። አልበሞቹ አሁን የቤቱን አንድ ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ ሞልተውታል።

አስተያየቱም እንደ ስብስቡ ብዙ ነው። አልበም በተራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል እንጂ አይመረጥም፤ መርጦ መስማት ከዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላሏን ብቻ አውጥቶ እንደ መብላት ነው ይላል። መግቢያው የሚቸኩል አልበም አያምንም። ሽፋኑ ላይ ሐምራዊ ዝሆንና ዐይን ያለው እንጉዳይ ሲያይ ይጠራጠራል፤ ደጃፉን እንዲህ ያሳመረ ጓዳው ምን ቢጎድለው ነው ብሎ። የድሮ ሥራ ድምፁ ከፍ ተደርጎ እንደገና ሲታተም ያዝናል፤ ሹክሹክታውን ጩኸት አደረጉት ይላል። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው «የብርጭቆ ጉንዳኖች» የሚባሉትን ሁለት ወንድማማቾች ነው። እነሱንም ቢሆን አይምራቸውም፤ የመጀመሪያውን አልበም በረኀብ ሠሩት፣ ሁለተኛውን በድፍረት፣ ሦስተኛውን ለገበያ ነው የሚለው። ሦስተኛው «የጨው ባሕር» ይባላል። አንድ ጊዜ ሰማውና ታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ሻጠው። ዳግመኛ አልነካውም።

ሚስቱ ወይንሸት ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ትገላግለዋለች። «ወፍጮ ቤት» ነው የምትለው። ሙዚቃው ሲከፈት «ወፍጮው ተነሣ» ትልና በሩን ትዘጋለች። የመደርደሪያውን አቧራ የምታራግፈው ግን እሷው ናት፤ ሲዲ በጠርዙ እንጂ በፊቱ እንደማይያዝ አሳምራ ታውቃለች።

ትናንት ምሳ ላይ ነገር መጣ።

«አባባ ከእንግዲህ ብቻውን አይኖርም» አለችው።

አባቷ ጋሽ ንጋቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን መኢሶ ላይ በጣቢያ ሹምነት ጨረሱ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያው ብቻቸውን ቀሩ፤ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው።

«ይምጡ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው» አለ አክሊሉ።

«የት ይተኛል?»

አክሊሉ እንጀራውን መቁረስ አቆመ።

«ያለን ትርፍ ክፍል አንድ ነው» አለች ወይንሸት። «ሲዲዎቹን ከኮርኒሱ በላይ፣ ቆርቆሮው ሥር እናወጣቸዋለን።»

«ወይንዬ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር? እንደ ቂጣ ይጣመማሉ እኮ።»

«አባቴስ የት ሄዶ ይጣመም?»

አክሊሉ ወጡ በሳህኑ ላይ እንዳለ ተነሥቶ ወደ አልበሞቹ ክፍል ገባ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀና ወለሉ ላይ ተጋደመ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ቬንቲሌተሩ እየተንገዳገደ ቆመ። በዚያ ሙቀት መሃል እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

በሕልሙም ያው ከዚራ ነበር፤ ግን ከዚራ ተገልብጣለች። ዛፎቹ መንገድ ዳር በተገተሩ ሰዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይናፈሳሉ። ሰዎች ባጃጅ አዝለው ይሮጣሉ፤ ባጃጇ ከጀርባ ሆና «ወራጅ አለ» ትላለች። ገበያው ላይ ቲማቲሞች የገዢዎችን ጉንጭ ጫን ጫን እያደረጉ «ይሄ ገና ጥሬ ነው» ይባባላሉ። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ድልድዩን ተደግፎ ቆሞ በሥሩ የሚያልፉትን መኪኖች ይመለከታል።

አክሊሉ ሊስቅ ሲል አፉ አልከፈት አለው። የት እንዳለ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ግራና ቀኙ ሰው ነው፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተሰድረዋል። በስተቀኙ የቆሙት ጋሽ ንጋቱ ነበሩ፤ የጣቢያ ሹም ኮፍያቸውን እንዳደረጉ።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ አክሊሉ በአፍንጫው።

«እንደ ሰው ሁሉ ሰብሳቢ እጠብቃለሁ» አሉት ጋሽ ንጋቱ። «ዝም በል፣ መጡ።»

በሩ ተከፈተና አልበሞች ገቡ። የሱቁ ባለቤት «የጨው ባሕር» ራሱ ነበር፤ ሰማያዊ ሽፋኑን እንደ ሽርጥ አገልድሟል። ከኋላው ሐምራዊ ዝሆን የተሳለባት አንዲት ደንበኛ ተከትላዋለች፤ እንደገና የታተመች ሳትሆን አትቀርም፣ ስታወራ ትጮኻለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችና አክሊሉን በጠርዙ ይዛ አወጣችው።

«ባል ነው» አለ የጨው ባሕር። «የመጀመሪያ እትም። ሁለተኛ አልታተመም።»

«ሲሰማ እንዴት ነው?»

«መግቢያው ይረዝማል። ወደ ነገሩ እስኪገባ ሰው ይደክመዋል። መሃሉ ላይ ደግ ነው፣ በጣም ደግ። ግን ጥያቄ ሲመጣበት ይቋረጣል፤ ተነሥቶ ሌላ ክፍል ይገባል።»

«ሽፋኑስ?»

«ሽፋኑን ተዪው።»

አክሊሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ሆኖ ፊቱ ጋለ። ያናደደው መተቸቱ አልነበረም። ትችቱ ፍትሐዊ ነበር፤ እሱም ስለ ራሱ አስተያየት ስጥ ቢባል አንድ ቃል አይቀንስም።

ደንበኛዋ መልሳ አስቀመጠችው። «ያኛውስ? ባለ ኮፍያው?»

የጨው ባሕር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ብርቅ ነው። ቤተሰብ እጅ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ያዳመጠው ሰው የለም።»

አክሊሉ አንገቱን ሊደፋ ፈለገ። በየዓመት በዓሉ ጋሽ ንጋቱ «አንድ ቀን ከአዋሽ የተነሣው ባቡር» ብለው ይጀምራሉ። ባቡሩ አዋሽን ሳይለቅ አክሊሉ ሰበብ ፈልጎ ይነሣል።

አልበሞቹ ጋሽ ንጋቱን ከፕላስቲካቸው አውጥተው፣ በአክብሮት ደግፈው፣ ክብ ጠረጴዛ ላይ አቆሟቸው። ጠረጴዛው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ነፋስ መጣ፤ የመኢሶ ሙቅ ነፋስ ከነአሸዋው። ከነፋሱ ሥር የቴሌግራፍ መምቻ ቲክ ቲክ አለ። ከዚያ በሩቁ ሐዲዱ አቃሰተ፣ መንኮራኩሩ የሐዲዱን መገጣጠሚያ ሲረግጥ ተከተክ፣ ተከተክ፣ ተከተክ። ወተት ሻጮች ተጣሩ፤ ድምፃቸው ከምቱ ላይ ተጠመጠመ። ግመል አጓራ። ባቡሩ ይቀርባል፣ ይቀርባል፤ ደረሰ ሲሉት ይዘገያል፤ ምቱ ከወለሉ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ደረት ወጣ። አክሊሉ ትንፋሹን ያዘ። መግቢያው አልቸኮለም። እንዲህ ያለ መግቢያ ከጎዋ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ተነሣ። አልበሞቹ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጨፈሩ። ከውጭ ዛፎቹ ጥላቸውን ትተው ገቡ። ባጃጆች ከሰው ጀርባ ወርደው መሃል አስፋልት ላይ ተሽከረከሩ። አቧራው ጣሪያ ነካ። ጋሽ ንጋቱ ብቻ በመሃል ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ የማይታይ ባቡር ያሳልፉ ነበር።

«ይሄ በስንት ጊዜ ነው የተሠራው?» አለች ባለ ዝሆኗ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ።

«ዕድሜ ልክ ነው የፈጀበት» አላት የጨው ባሕር።

ጭፈራው ሳያልቅ የጓዳው በር ተከፈተና የጨው ባሕር ሚስት ወጣች። ካሴት ናት፤ ክሯን በጣቷ እየጠቀለለች መጣች።

«ክፍሉን አስለቅቅ» አለችው። «አባቴ ሊመጣ ነው።»

አባቷ የዘፈን ሸክላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌ፣ ጥቁር፣ ሲነኩት የሚሰነጠቅ።

«ሰዎቹን የት ላድርጋቸው?» አለ የጨው ባሕር።

«ቆርቆሮ ሥር።»

«ይቀልጣሉ እኮ።»

«አባቴስ ቢቀልጥ?»

የጨው ባሕር አንገቱን ደፋ። አክሊሉ አዘነለት። ቀዝቃዛው ጥላ ሥር አንዲት ሣጥን ብቻ ነበረች። የጨው ባሕር ጋሽ ንጋቱን በሁለት እጁ ተሸክሞ እዚያ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ መደርደሪያው ፊት መጥቶ ቆመና አክሊሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁህ» አለ አክሊሉ።

«አውቃለሁ። ያን ጊዜም ስልክ እያናገርክ ነበር።»

«እንግዲህ በቆርቆሮ ልትበቀለኝ ነው።»

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ» አለ የጨው ባሕር። «ሰብሳቢ አልገባኝም ብሎ አይጥልም። እስኪገባው ያስቀምጣል።»

ይህን ብሎ አክሊሉን በጠርዙ ያዘና ሣጥኗ ውስጥ፣ ከጋሽ ንጋቱ ጎን አስገባው።

«ለሁለት አትበቃም!» አለች ካሴቷ።

«ድርብ አልበም ናቸው» አላት ባሏ። «አንዱን ካለ አንዱ የሚወስድ የለም።»

ክዳኑ ተዘጋ። ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ንጋቱ ትከሻቸውን ሰበሰቡለት።

«ጠጋ በል ልጄ። ይጎረብጥሃል?»

«ኧረ ምንም አይል አባባ።»

«የቱ ጋ ነበር የቆምነው?»

«አዋሽ ላይ» አለ አክሊሉ። «ባቡሩ ገና አልተነሣም።»

«እንግዲያው ይነሣ» አሉ ጋሽ ንጋቱና ፊሽካቸውን ነፉ።

አክሊሉ ነቃ። የሚነፋው ጥሩምባ ነበር፤ የሆነ መኪና በራቸው ላይ ቆሞ ሰፈሩን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወጣ። ወይንሸት የግቢውን በር በሁለቱም በኩል ከፍታ ቆማለች። አንድ ፒካፕ በቀስታ ወደ ኋላ ይገባል፤ ጋቢና ውስጥ ጋሽ ንጋቱ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ነው እንዴ የሚመጡት?»

«ጠዋት ነው ያስነሣሁት» አለች ወይንሸት ሳታየው።

«ሳታማክሪኝ?»

«ምሳ ላይ አማከርኩህ አይደል?»

አክሊሉ መልስ ከመፈለግ ይልቅ ሄዶ የጋቢናውን በር ከፈተ። አማቹን ደግፎ አወረዳቸው፤ በትከሻ ተሳሳሙ፤ ሽማግሌው ግን ወዲያው ወደ መኪናው ጀርባ ዞሩ።

«ቀስ በሉ፣ ቀስ» አሉ። «ጋድም እንዳታደርጓቸው።»

ሸራው ሲገለጥ አልጋም ፍራሽም አልነበረም። ሰዓት ነበር። የግድግዳ ሰዓት፣ የቁም ሰዓት፣ ሰው የሚያህል ባለ ፔንዱለም ሰዓት፤ በብርድ ልብስ፣ በጆንያ፣ በሟች ሚስታቸው ነጠላ ተጠቅልሎ እስከ መኪናው አፍ ተሞልቷል። ሁሉም ይሠራሉ። ግቢው ውስጥ ተክ ተክ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይደርስበታል፣ ለአፍታ አብረው ይረግጡና እንደገና ይለያያሉ።

«አባባ» አለች ወይንሸት። «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? እኔ የማውቀው ግድግዳው ላይ ያለውን አንዱን ነው።»

«የየጣቢያው ነው። ሊጣል ሲል እያስፈቀድኩ አነሣሁት። ጎረቤት ቤት ነበር የማስቀምጠው፤ እናትሽ ከበር አላስገባም ብላኝ ነው።»

ያን ጊዜ ሰዓት ሞላና መደወል ጀመሩ። ግማሾቹ ሦስት ጊዜ ደውለው ዝም አሉ። ሌሎቹ ቀጠሉ፤ እስከ ዘጠኝ።

«እነዚያኞቹ የፈረንጅ ሰዓት ናቸው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «እነዚህ የእኛ። ማንም እንዳያስተካክላቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።»

አክሊሉ ገና ወዳልደወለው ትልቅ ሰዓት ጠጋ ብሎ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። «ይሄ ትንሽ አይዘገይም?»

«ይዘገያል» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው በራ። «ግን እስኪ ጨክነህ ቆይ። ከመደወሉ በፊት አንድ ነገር ያደርጋል።»

«ምን?»

«ቆይ ብዬሃለሁ።»

ሁለቱም ቆዩ። ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ ፀሐዩ አናታቸውን እየጠበሰው ቆዩ፤ ሰዓቱም ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው ጭርር ብሎ ደወለ። ከዚያ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይዘው ሰዓቱን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ አልበሞቹ ክፍል ገቡ።

«አባባ፣ አልጋህስ?» አለች ወይንሸት ከኋላቸው።

«ቦታ አልበቃ ሲል መኢሶ ተውኩት» አሏት ከውስጥ።

ወይንሸት የግቢውን በር ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት። የፒካፑ ሹፌር ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ያያታል።

«እኔ ደግሞ ይሄን ጣጣ ከባሌ ቤት ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር» አለችው።