በውክልና የተሰጠ ደም

ኑ እስቲ፣ ወዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም አንዳችሁ መለስ አድርጉት። ጥቅምት ገብቶ የወጨጫ ተራራ ንፋስ በበሩ ስር እየሾለከ ጉልበቴን ይፈልገዋል። ሜዳው እሸት በእሸት ሆኗል፤ ሰበታም የክረምት ጭቃዋን አራግፋ አቧራዋን ለብሳለች። እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ያ ጉድ የመጣብኝ። ይኸው ዓመት ሞላው፤ አሁን ብናገረው አላፍርም፤ የማፍረውን ያህል ያኔ አፍሬ ጨርሻለሁ።

እኔ እንዳየሁት ሰው የንስሐ አባቱንና የስኳር ነርሱን የሚያታልለው በአንድ መንገድ ነው። ኃጢአቱን ሁሉ አይክድም። ከመሃል ቀለል ቀለል ያለውን መርጦ ‹‹ቂጣ ቢጤ ቀምሻለሁ›› ይላል። ድፎውን ማን ያንሳው? ልዩነቱ፣ የንስሐ አባት የነገሩትን ያምናል፤ ነርሷ ግን ጣት ጫር አድርጋ ደሙን ትጠይቀዋለች። ደም ደግሞ ክፉ አሳባቂ ነው። ስንት ዘመን በገላዬ አኑሬው፣ አንድ ቀን እንኳ ሸፍኖልኝ አያውቅም።

ስኳር ከያዘኝ ሰባት ዓመቴ ነው። ክትትሌ እዚሁ ጤና ጣቢያችን ነው። የምታስተምረን ነርስ ሲስተር ለሊሴ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን ከያዘ የማይለቅ ልጅ ናት። ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ እኛን ባለ ስኳሮቹን አግዳሚ ላይ ደርድራ ታስተምራለች። አንድ ቀን የላስቲክ ሳህን ይዛ መጣችና በጣቷ ከፋፈለችው፤ ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር አለች። እጄን አወጣሁ። ‹‹ሲስተር፣ እኛ ቤት በሳህን አይበላም። አንድ ትሪ ነው፤ አምስት ሰው ይከበዋል። የኔ ሩብ በየት በኩል ነው?›› ብላት አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እሷ ፈገግም አላለችም። ‹‹ከፊትዎ ያለውን በሐሳብዎ ይጠሩት እማማ የሺ፤ ከአጥሩ አይውጡ›› አለችኝ። እኔ ደግሞ ተሸንፌ የምቀመጥ ነኝ? ‹‹ጉርሻስ? ጉርሻ እኮ የአጉራሹ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። በኔ ላይ ይቆጠራል?›› አልኳት። ‹‹ስኳሩ ያጎረሰውን እጅ አያይም፤ የዋጠውን ጉሮሮ ነው የሚያየው›› አለች። ይቺ ልጅ ዓቃቤ ሕግ ብትሆን ኖሮ ስንቱ በታሰረ!

ታዲያ በነሐሴ ውጤቴን አይታ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችና፣ ‹‹ኪኒኑ ብቻውን እየታገለ ነው፤ እርስዎ አላገዙትም። በጥቅምት ቁጥሩ ካልወረደ ወደ መርፌ እንሄዳለን›› አለችኝ። መርፌ! ሰባት ልጅ አምጬ የወለድኩ ሴት ነኝ። ጎርፍ ቤቴ ሲገባ ድምፄን አላሰማሁም። መርፌ ግን ሌላ ነው። ልጆቼን ሁሉ ያስከተበው አባታቸው ነው፤ እኔ ከበር ውጭ ቆሜ አብሬያቸው አለቅስ ነበር።

‹‹እሺ፣ እጠነቀቃለሁ›› ብዬ ወጣሁ። ተጠነቀቅኩ ወይ? ነሐሴን ተጠነቀቅኩ፤ ጾምም ነበር። መስከረም ሲመጣ ግን እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና አለ። ድፎ ያልተቆረሰበት ቀን ቢኖር አላስታውሰውም። ያውም ድፎው እኔ ካልቆረስኩት አይቆረስም፤ የቆረሰ ሰው ደግሞ ፍርፋሪውን ሊደፋው ነው? የኔ ፍርፋሪ ግን፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ የጡጫ ያህል ነው።

ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰይጣን መላ አመጣልኝ። ሰይጣን ስል ራሴን ነው።

ከአጥሬ ወዲያ አዴ ጫልቱ አለች፤ የአርባ ዓመት ጎረቤቴ። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጇ ቡራዩ አግብታለች፣ ወንዱም ተጂ ከተማ እህል ይነግዳል፤ እሷ ብቻዋን ናት። ‹‹ከተወለድኩ የሐኪም ደጅ ረግጬ አላውቅም›› ማለት ለሷ እንደ ማዕረግ ነው። እኔም እቀናባት ነበር። እኔ ወንበር ስሞላ እሷ እንደ ሸንበቆ ናት፤ ያን ዓመት ደግሞ ጭራሽ ቀሚሷ ከላይዋ ሊወርድ ደርሶ ነበር። ጣፋጭ አትወድ፤ ውሃ ብቻ! አንድ ጆግ በአንድ ትንፋሽ ታንቆረቁራለች። ውሃ ጤና ነው ትል የለ ሲስተር ራሷ? ስኳር የሚይዘው እንደኔ ደልደል ያለውን ነው፤ የዚህች ሴት ደም እንደ ምንጭ የጠራ መሆን አለበት አልኩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። በዕድራችን ቀብር ላይ ስም ይጠራል። መምጣት ያልቻለ አባል ሰው ይልካል፤ ስሙ ሲጠራ የተላከው ሰው ‹‹አቤት›› ይላል፤ አባሉ እንደተገኘ ይቆጠራል። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ስንት ቀብር ጫልቱ በስሜ አቤት ብላልኛለች፤ እኔም በስሟ። ሞትን የሚያህል ነገር በወኪል ከተሸኘ፣ ትንሽ ደም በወኪል ቢሰጥ ምን አለበት?

ይህንኑ ነገርኳት። ‹‹አንቺ የሺ፣ ለጣት መጫር ነው እንዲህ የምትሆኚው?›› ብላ ሳቀችብኝ። ‹‹ጣቱን አይደለም የፈራሁት፣ ወረቀቱን ነው›› አልኳት። ደም የሚቀዳው በላቦራቶሪው መስኮት በኩል እንደሆነ፣ የሚቀዳው ሰውዬ ለአገሩ አዲስ እንደሆነ፣ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት ብቻ እንደሚበቃ አስረዳኋት። ‹‹እንደ ዕድሩ ነዋ!›› አለች። ‹‹ራኮን ሂንጂሩ፣ ምን ችግር አለው፣ እሄድልሻለሁ።››

ቀኑ ደረሰ። ጫልቱ እንደነገርኳት እህል ሳትቀምስ መጣች። እኔማ በባዶ ሆዴ የምሄድበት ምን ምክንያት አለኝ? ጭኮዬን በእርጎ በልቼ ነው የወጣሁት። ‹‹የሺ ደበበ!›› ሲባል ጫልቱ እንደ ቀብሩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ‹‹አቤት›› አለችና እጇን በመስኮቱ ሰደደች። አላርፍ ያለች ጣት… ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ እሷ ጆጓን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ቀረች፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ኮራ ብዬ ወደ ሲስተር ገባሁ። በመንገዴ ገልብጬም ዘቅዝቄም አየሁት፤ ፊደል ለማያውቅ ሰው በሁሉም በኩል ያው ነው።

ሲስተር ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። እንደገና ወረቀቱን አየች። ‹‹ውሃ በጣም ይጠማዎታል?›› ስትለኝ ‹‹ኧረ ምንም!›› አልኩ። ‹‹ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብዎታል?›› ስትለኝ ‹‹እንዴት ተደርጎ!›› አልኩ። ‹‹ከስተዋል?›› ብላ ጀመረችና ወንበሩን ሞልቶ የተረፈውን ገላዬን አይታ ጥያቄውን ራሷ ተወችው። ከዚያ ብድግ አለች። ‹‹እማማ፣ ይህ ቁጥር በእግሩ ገብቶ የሚያወራ ሰው ቁጥር አይደለም። መርፌውን አሁኑኑ እንጀምራለን›› ብላ ጓንት ማጥለቅ ያዘች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ራሴ ክንድ ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደብኝ፤ ቁጥሩ የኔ ካልሆነ የማን ነው? ያ ሁሉ ጆግ! ያ የሰፋ ቀሚስ! ‹‹ሲስተር›› አልኳት፣ ‹‹እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ይህ ቁጥር ያለው ሰው ሳይታከም ወደ ቤቱ ቢሄድ ምን ይሆናል?›› ‹‹ራሱን ይስታል፤ ካልደረሱለት ይሞታል›› አለች መድኃኒቱን እየቀዳች።

ክንዴን ዘርግቼ ዝም ብል ውሸቴ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ጫልቱም ጆጓን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ‹‹አቁሚ ልጄ! ደሙ የኔ አይደለም!›› ብዬ ጮህኩ። ዕድሩንም፣ መስኮቱንም፣ ጭኮውንም ዘከዘክሁት። ማንም ሳይጠይቀኝ ድፎውን ጨመርኩበት፤ ንስሐ አንዴ ከተጀመረ ምን ይቀራል?

ሲስተር መርፌውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ‹‹ይህን ወግቼዎት ቢሆን ኖሮ እኮ ስኳርዎ ከልክ በላይ ወርዶ ራስዎን ይስቱ ነበር!›› አለች። ቀጥሎ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹ሴትየዋ የት አሉ?››

ስንወጣ ጫልቱ ጆጉን ጨርሳ ወደ ቧንቧው ልትሄድ ተነስታለች። ሲስተር በኦሮምኛ ሰላም ብላ፣ እጇን ይዛ፣ ደሟ ውስጥ ስኳር ከመጠን በላይ እንደበዛ ነገረቻት። ጫልቱ ሳቀች። ‹‹የኔ አይደለም፣ የየሺ ነው›› አለች። ከእርስዎ ጣት ነው የተቀዳው ብትላት፣ ‹‹ጣቱማ የኔ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? በስሟ የሰጠሁት የሷ ነው። ቀብር በስሟ ስሄድ ሬሳው የኔ ዘመድ ይሆናል እንዴ?›› አለች። አግዳሚው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ፤ ምን ብዬ ልርታት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ነጎደች።

በዚህ ጉልበቴ ሮጬ ደረስኩባት። ‹‹ጫልቱ፣ ከክረምት ወዲህ ይህን ቀሚስ ስንቴ አጠበብሽው? የመርፌ ቀዳዳ አልታይ አለኝ ብለሽ ክር የሚያስገባልሽ ማን ነው? ውሃውስ፣ በጤና ነው እንዲህ የሚጠጣው?›› አልኳት። ቆመች። ‹‹ፈራሁ፣ የሺ›› አለች። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ስትሆን ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ‹‹እኔም ፈርቼ ነው እዚህ ያደረስኩሽ። በይ አሁን በየስማችን እንጫር፤ እኔ እቀድማለሁ›› ብዬ እጇን ይዤ መለስኳት።

ሲስተር ሁለታችንንም በትንሿ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ጫረችን። የኔን አይታ ‹‹ከጭኮ ጋር አልከራከርም፤ ነገ በባዶ ሆድዎ ይምጡ፤ እርስዎ ራስዎ!›› አለችኝ። የጫልቱን ስታይ ግን ቀልዱን ትታ አምቡላንስ ጠራች። ጫልቱ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ፣ ጥቂት ቀን ብትቆይ ኖሮ ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር አለ።

በማግስቱ የራሴን ደም በራሴ አቤት ሰጠሁ። ከፍ ያለ ነው፤ ለመርፌ ግን አላደረሰም! ኪኒን ተጨምሮልኝ ተሸኘሁ። ያን ሁሉ የፈራሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው። ‹‹ግን ሲስተር፣ ጫልቱን ያዳናት የኔ ውሸት እኮ ነው›› ብዬ ልኮራ ብሞክር፣ ‹‹ያዳናቸው ውሸቱን ማቋረጥዎ ነው›› አለችኝ። ብዬ የለ፣ ዓቃቤ ሕግ!

ጫልቱ ከሆስፒታል ስትወጣ መርፌ ታዘዘላት፤ ጠዋትና ማታ። ዓይኗ ደግሞ ገና ብዥ እያለባት የመርፌውን መስመር መለየት አልቻለችም። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ሲስተር ወደኔ ዞረች። ‹‹በስምዎ ደም ሰጥተውልዎታል፤ እርስዎ ደግሞ መርፌውን ይይዙላቸዋል›› አለች። የኔን ልብ አስቡት! ሁለት ሳምንት ሙሉ የፍራሽ ስፖንጅ ስወጋ ሰነበትኩ። ፊደል ስለማላውቅ መርፌውን በቁመቱ ልክ ካርቶን ላይ ስላ መድኃኒቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ በቀይ አሰመረችልኝ፤ መርፌውን ከሥዕሉ ጎን አስተኝቼ አስተያያለሁ። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ መሃል በገንቦ እንደሚቀመጥ፣ የሚወጋው ቦታ በየቀኑ እንደሚቀያየር፣ ተወግቶ ሳይበሉ መዋል እንደማይቻል፣ ካንቀጠቀጣትና ካላባት ቶሎ ከረሜላ እንደምትልስ አስተማረችኝ። የመጀመሪያ ቀን ሆዷን ቆንጥጬ ስጠጋ ጫልቱ፣ ‹‹አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን ግለጪ እንጂ!›› ብላ ጮኸች። ለካ ጨፍኜ ኖሯል።

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ጫልቱ ደህና ናት፤ ቀሚሷን መልሳ አስፍታዋለች፣ ክርም ራሷ ታስገባለች፣ መርፌውን ግን ‹‹የሺ ለምዳዋለች›› ብላ ለኔ ትታዋለች። ሲስተር ለሊሴ ወንድ ልጅ ወልዳ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ሳህኗንም አልተወችም። የላቦራቶሪው ሰውዬ ሱሉልታ ተዛወረ፤ ከመሄዱ በፊት መስኮቱ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር፤ አስነብቤው ‹‹ደም በውክልና አይሰጥም›› ይላል አሉኝ። የኔም ቁጥር ወርዷል፤ ጠዋት ማታ ጫልቱ ቤት ስመላለስ ሳላውቀው በእግር መሄድ ጀመርኩ። ኪኒኔን እውጣለሁ፤ ድፎም ስቆርስ ፍርፋሪውን ለዶሮዎቹ እሰጣለሁ፤ አብዛኛውን። መርፌውን ደግሞ ያን ያህል መፍራቴ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ጫልቱ ያማል ትላለች፤ እኔ ግን ይኸው ዓመት ሙሉ በቀን ሁለቴ ስወጋት አንድም ቀን አላመመኝም።